ያልተሠረዘ

ሐምሌ ነው። ካዳር ሥራ ስወጣ ከሆስፒታል፣
ደብረ ማርቆስ በጉም ውስጥ ተኝታለች፣ ቆርቆሮው ያንጠባጥባል።
ከአያ ሞላልኝ ሱቅ ፊት፣ ከቱቦው ክዳን ላይ፣
ፊቱን ለጭቃው ሰጥቶ፣ ጀርባውን ለሰማይ፣
አንድ መደርደሪያ አየሁ፣ መዝጊያው የተገነጠለ፣
አንድ እግሩ የጎደለ፤
ሽማግሌ ይመስላል፣ ከሰርግ ቤት ጠጥቶ፣
ልጆቹ እስኪያነሱት ድረስ በግንባሩ ተደፍቶ።

ወራሾቹ ትናንት አዲስ ሶፋ አስገቡ አሉ፤
ላስቲኩን ገና ሳያነሱ ላዩ ላይ ይቀመጣሉ፤
የሟቹን እቃ ግን ለዝናብና ለፍየል ጣሉ።

ጎንበስ አልኩ። በጥፍሬ ቀለሙን ፋቅ አደረግሁት፤
ከሰማያዊው ስር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ስር እንጨት።
ዋንዛ! የማር መልክ ያለው፣ ምስጥ ያልደፈረው ዋንዛ፤
በዚህ በቺፑድ ዘመን እንዲህ ያለ ከየት ይገዛ?

ሽታው ባለጋሪ፣ ፈረሱን እያጠጣ፣
«ሲስተር፣ ማገዶ ነው?» አለኝ። «ብፌ ነው» ስለው ሳቁ መጣ።
«መቶ ሃምሳ፣ ከነማውረጃው።» መቶ ሃያ ቆጠርኩለት፤
እኔ ከኋላ ደግፌ፣ እሱ ፈረሱን እየሳበለት፣
ዳገቱን ወጣን። ሰው ሁሉ ከደጁ ብቅ ብሎ አየን፤
«ምነው ሲስተር፣ ቤት ለቀቃችሁ?» እያለ ጠየቀን።

ምንይችል በር ላይ ቆሟል፣ ፊቱን አጨፍግጎ፣
እኔን አየ፣ እቃውን አየ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፤
«የሙት እቃ ነው፤ ከሙት ቤት የወጣ፣
ጥላ ወጊ ይዞብን እንዳይመጣ!»
«ጥላ ካለው ጥሩ» አልኩት፣ «በበጋ እናርፍበታለን፤
አሁን ግን ያዝ በዚህ በኩል፣ ዝናቡ ሳይመታን።»

ሦስት ሳምንት ሠራን። እሱ፣ ያ ሙት የፈራው፣
ከአናጢ መላጊያ ተበድሮ፣ በብርጭቆ ስባሪ ቀለሙን አነሳው።
የጎደለውን እግር ከብሳና ጠርቦ ተከለለት፤
አሁንም ትንሽ ያነክሳል፣ ካርቶን አጥፈን ደገፍንለት።
ማህደር ከመሳቢያው ጥግ፣ እያስነጠሳት አቧራው፣
አዝራር አወጣች፣ የኩራዝ ክር፣
አንድ ሳንቲምም፣ አንበሳው ፊቱ የጠፋው።

እሑድ ከሰዓት፣ ታችኛውን ጣውላ ገልብጬ ልፍቀው ስል፣
ከስሩ የእርሳስ ጽሕፈት አየሁ፣ አዲስ ቡቃያ የሚመስል፤
ስም፣ እቃ፣ ዋጋ። ዱቤ ነው። የባለሱቁ መዝገብ፤
ወረቀት ምስጥ ይበላዋል ብሎ ዋንዛ ላይ ያኖረው ገንዘብ።

«ጓዴ፣ ጨው ሁለት ኪሎ።» ተሠርዟል።
«ታንጉት፣ ሳሙናና ክብሪት።» ተሠርዟል።
«እማሆይ የዝና፣ ጧፍ።» በሁለት መስመር ተሠርዟል።
ከሁሉም በታች፣ ጥግ ላይ፣ ብቻውን፦
«አንማው ተሰማ። ደብተር አራት፣ እርሳስ፣ ለልጅቱ።
ሦስት ብር ከሰባ አምስት።»
አልተሠረዘም።

አባቴ ነው።
ልጅቱ እኔ ነኝ።

ያን መስከረም አልረሳም፤ ስድስተኛ ክፍል ስገባ፣
ደብተሮቹን በኮቱ ሸሽጎ መጣ፣ እንደ ትኩስ ዳቦ፣ እንደ አበባ።
«ከየት አመጣህ?» አለች እናቴ። «ሰው ሰጠኝ» አላት ዝቅ ብሎ፤
ከዚያ ወዲህ በሱቁ ደጅ አላለፈም፤ በጓሮ ይዞራል፣ «ይቀርባል» ብሎ።
ሳይከፍል ሞተ። ባለሱቁም ሳይጠይቀን ሞተ፤
ጣውላው ብቻ ነገሩን በሆዱ ይዞ ሰነበተ።

አራት ብር ይዤ ወራሾቹ ቤት ሄድኩ። የሶፋው ላስቲክ ይንኮሻኮሻል።
«የምን ብር?» አለ ታላቁ፣ ሳቀ፤ «ይሄ ዛሬ ከረሜላስ ይገዛል?»
ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ፤ መልሱንም አልጠየቅሁ።

ምንይችል ቫርኒሹን ሲቀባ እርሳስ አነሳ፤ «ተከፍሏል፣ ልሠርዘው?»
«ተወው» አልኩት፤ «የአባቴ ስም በዚህ ቤት የተጻፈው እዚያ ብቻ ነው።»

አሁን ሳህን አለበት፣ በርበሬ፣ የማህደር መጽሐፍት፤
ካርቶኑ ሲረግብ ይነቃነቃል፣ ብርጭቆዎቹ ይንሾካሾካሉ ሌሊት።
«ደብተር አለቀብኝ» ስትለኝ በጥሬ ገንዘብ እገዛለሁ፤
ስመለስ ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በጓሮ እዞራለሁ፤
ለሚጠይቀኝም
«ይቀርባል» እላለሁ።